የግራው ማዳመጫ

ማንም የማያውቀውን ዘፋኝ ፈልፍሎ አውጥቶ ካላሰማችሁ እንቅልፍ የማይወስደው ጓደኛ የላችሁም? እኔ አለኝ፤ ዳንኤል ይባላል። ባለፈው ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በባጃጅ ስንሄድ ዝናብ ጣለብን። ዳኒ፣ “ይቺን ልጅ ገና ሰው አላወቃትም” አለና የግራውን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ። ከዚያ ዓይኑን ፊቴ ላይ ተክሎ መጠበቅ ጀመረ።

ምንም አይሰማም። ማዳመጫው ሞቷል! ግን እንዲህ በጉጉት ለሚያይ ሰው እንዴት ተብሎ “አልሰማም” ይባላል? ዓይኔን ጨፈንኩ። ዝናቡ ሸራው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሩቅ አንዱ ፋብሪካ ቀስ እያለ ብረት ይቀጠቅጣል። ባጃጁም አንቀልባ ላይ እንዳለ ሕፃን ያወዛውዘኛል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ያለ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም።

“እንዴት ናት?” አለኝ።

“ሌላ ዓለም ነው የወሰደችኝ” አልኩት።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ሄለንም ልክ እንዳንተ ዓይኗን ጨፍና ነው የሰማቻት!”

በማግስቱ ጓደኛችንን ሄለንን አገኘኋትና በየትኛው ማዳመጫ እንደሰማች ጠየቅኳት። ግራና ቀኝ አየች።

“በግራው” አለች በሹክሹክታ። “እባክህ እንዳትነግረው። አዲስ ከገዛ እኮ ዘፈኑን ልንሰማው ነው!”