በሦስት መስክ የተመረቀችው ሽኮኮ

በረቱን ለላሟ ትታችሁ ጆሯችሁን ለእኔ ስጡኝ።

ድሮ አንዲት ሽኮኮ ከጫካው ኮሌጅ ተመረቀች። የትምህርት ክፍሏ ስም ረጅም ነበር፦ የጉድጓድ፣ የዛፍና የውኃ ቅይጥ ጥናት። ጋዋኗ የኮባ ቅጠል። ቆቧም ኮባ።

«ለጎረቤት ምን ሆነች ልበል?» አለች እናቷ።

«ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ተምሬያለሁ፣ እማ።»

እናት አሰበች። ከዚያ ሄዳ ዶክተር ሆነች ብላ አወራች።

በጫካው አንድ ደንብ ነበር። ክረምት ሳይገባ ሥራ ያልያዘ ምሩቅ ዋሻ አይሰጠውም። የእናቷ ዋሻ ደግሞ በአሥራ አንድ ታናናሾች ተጨናንቋል። ስለዚህ ሽኮኮ ዲግሪዋን ጠቅልላ፣ በጥርሷ ይዛ ሥራ ፍለጋ ወጣች።

የጉድጓድ ቢሮ ኃላፊው አቶ ፍልፈል ዲግሪውን አሸተተ። የሚያነበው በአፍንጫው ነው።

«ዛፍ ዛፍ ይሸታል» አለ። «ዛፍ ቢሮ ሞክሪ።»

የዛፍ ቢሮ ኃላፊው አቶ ጉሬዛ ከቅርንጫፉ ላይ ሆኖ አየው። «ግማሹ ጭቃ ነው፣ እህቴ። አንቺን ብቀጥር ጦጣዎቹ ምን ይሉኛል?»

የውኃ ቢሮ ኃላፊዋ እትዬ ጉማሬ ከኩሬው አልወጣችም። «ጠልቀሽ ምን ያህል ትቆያለሽ?»

«ትንሽ።»

«እኛ ጋ ትንሽ ቆይቶ የሚወጣ ሠራተኛ አይባልም፣ ልጄ። እንግዳ ነው።»

ክረምት ገባ። ወንዙ ሞልቶ የፍልፈልን ጉድጓድ አጥለቀለቀ። ጉድጓዱ ሲናድ ከላዩ የቆመው፣ ቢሮዎቹ ሁሉ የተጠለሉበት ትልቁ ዋርካ ዘመም አለ። ሦስቱ ኃላፊዎች እዚያው፣ ከዘመመው ዋርካ ሥር፣ ስብሰባ ተቀመጡ።

«ውኃው የእርስዎ ነው» አለ ፍልፈል።

«ጉድጓድ ከገባ በኋላ ውኃ አይደለም፤ ጉድጓድ ነው» አለች ጉማሬ።

«ዛፉ ገና ስላልወደቀ አጀንዳ አይሆንም» አለ ጉሬዛ።

ቃለ ጉባኤው አራተኛ ቅጠል ላይ ሲደርስ፣ ዳር ተቀምጣ ትሰማ የነበረችው ሽኮኮ ሰለቻትና ተነሳች። ቦይ ቆፈረች። ውኃውን በወደቀ ግንድ ገደበች። ዋርካው ላይ ወጥታ ከጎረቤቱ ዛፍ ጋር በሐረግ አሰረችው። ከምሳ በፊት ጨረሰች።

ኃላፊዎቹ አጨበጨቡ። ጉማሬ እንዲያውም አለቀሰች። «እንዲህ ያለ ባለሙያ ያስፈልገናል» ብለው በሙሉ ድምፅ አዲስ የሥራ መደብ ከፈቱ። በማግስቱ ማስታወቂያው በሰፊ የኮባ ቅጠል ተጽፎ ዋርካው ላይ በእሾህ ተሰካ።

ሽኮኮ እየሮጠች መጥታ አነበበች። በጉድጓድ አንድ ዲግሪ፣ በዛፍ አንድ ዲግሪ፣ በውኃ አንድ ዲግሪ፤ ለየብቻ። በዚሁ መደብ ላይ አምስት ዓመት የሠራ።

«መደቡ የተከፈተው እኮ ትናንት ነው፣ እትዬ» አለቻት ጉማሬን።

«እናውቃለን፣ ልጄ። የሚያሟላ ያጣነው ለዚህ ነው።»

ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ሽኮኮ መግቢያ ስላልነበራት የማስታወቂያውን ጫፍ ገልጣ ከሥሩ ተሸጎጠች። አንድ ጠብታ አልነካትም። መስፈርቱ ብዙ ስለነበር ቅጠሉ በጣም ሰፊ ነበር።

እናቷ በዚያ ስታልፍ አየቻት። «ሥራ አገኘሽ እንዴ?»

«ሥራውን ሳይሆን ማስታወቂያውን ነው ያገኘሁት፣ እማ» አለች ሽኮኮ። «አንቺ ግን ለጎረቤት ዶክተር ናት ማለትሽን ቀጥይ።»