የእትዬ ካሎላይን እግርና የኢኖኬ ዜግነት

አገር የሚጸናው በሕግ፣ ሕግ የሚከበረው በመልካም ጠባይ፣ መልካም ጠባይም የሚለካው መንገድ ዳር በተተከለ ካሜራ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ማዘጋጃ ቤታችን ይህን ታላቅ እውነት ተገንዝቦ በድልድዩ ራስ ላይ አንድ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ አቁሞልናል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከተማችን ሥነ ምግባር ስታመርት ትውላለች። ብርቱካኑና ወይኑ ትርፍ ሥራ ሆኗል።

በዚህ ካሜራ ፊት እንደ እትዬ ካሎላይን አዘውትሮ የታየ ሰው የለም። እትዬ ካሎላይን የቶንጋ ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን አለቃ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የክብር ሜዳሊያ ተሸላሚ፣ ለአዲስ ዜጎች ችግኝ የሚያድለው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ይህ ሁሉ ግን ጌጥ ነው። ዋናው ማዕረጋቸው የኢኖኬ የአባቱ እህት መሆናቸው ነው። ከቶንጋ ደሴቶች ወደዚህ አገር በመጣነው በእኛ ዘንድ የአባት እህት የፈለገችውን ትወስዳለች፣ አይሆንም አይባልም። በእሷ ላይ መመስከርማ ጥርስ ያረግፋል እያለች እናቴ ታስፈራራን ነበር።

ኢኖኬ የእህቴ የሴላ ባል ነው። እትዬ ካሎላይን አንድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ግብዣ አሳማ ላድርስበት ብለው ነጩን ቫኑን ተዋሱት። አሳማው ተበላ፤ ቫኑ ግን እሳቸው ጋ ቀረ። እግራቸው ደግሞ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ነዳጅ መስጫው ላይ ትንሽ ከበድ ይላል። ካሜራው ብልጭ ባለ ቁጥር የቅጣቱ ደብዳቤ የሚሄደው ለመኪናው ባለቤት ነው።

መንግሥት እዚህ ላይ ርኅሩኅ ነው። ባለቤቱ “እኔ አልነበርኩም፣ የነዳው እገሌ ነው” ብሎ ስም ሰጥቶ መገላገል ይችላል። ኢኖኬ ግን የአባቱን እህት ስም በወንጀለኛ ቦታ ሊጽፍ ነው እንዴ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ኢኖኬ ዳውላውን ራሱ ተሸከመው። ዝም ብሎ ከፈለ፣ ዝም ብሎ ጥፋቱ ተቆጠረበት፣ በመጨረሻም መንጃ ፈቃዱ ታገደና በብስክሌት ወደ ብርቱካን እርሻው ይመላለስ ጀመር። እትዬ ካሎላይን በገዛ ቫኑ ሲያልፉት ጡሩምባ ነፍተው “ጎሽ የኔ ልጅ፣ ስፖርት ጥሩ ነው!” ይሉታል።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የዚህ አገር ዜግነት የሌለው እሱ ብቻ ነው። ባለፈው ገና ከቶንጋ ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሴላና ልጆቹ በአንዱ መስመር፣ እሱ በሌላው ሆኑ። ትንሿ ሎሴ ከገመዱ ወዲያ ሆና “አባዬ፣ አንተ እንግዳ ነህ እንዴ?” አለችው። እዚያው ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን እራቱን አልነካውም፤ በማግስቱ አመለከተ።

ቃለ መጠይቅ ሲጠራ በመኪናዬ ላድርስህ አልኩት።

“አንተም ትፈጥናለህ” አለኝና በብስክሌቱ መጣ። እኔ ቀድሜ ደርሼ ጠበቅኩት።

የዜግነት መሥሪያ ቤቱ ሹም ወይዘሪት ብሪጂት ረጋ ያለች ሴት ናት። ማኅደሩን ገለጥ አድርጋ ኢኖኬን አየችው። ኢኖኬ የብስክሌት ቆቡን ታቅፏል።

“አንድ ሁለት የፍጥነት ቅጣት ቢሆን ግድ የለም፤ ግማሹ አገር አለበት” አለች። “የእርስዎ ግን... ድልድዩን እየተሻገሩት ነው ወይስ እየዘለሉት?”

“ድልድዩ ጥሩ ድልድይ ነው” አለ ኢኖኬ።

“ሁልጊዜ የነዱት እርስዎ ነዎት?”

“መኪናው የኔ ነው።”

“ስለ መኪናው አልጠየቅኩዎትም።”

ኢኖኬ ምላሱን በጥርሶቹ ላይ አዞረ፤ ሁሉም ቦታቸው መኖራቸውን ሲያረጋግጥ ገባኝ።

“እንግዲህ ስሙኝ” አለች። “መልካም ጠባይ የሌለው ሰው ዜጋ አይሆንም፣ ሕጉ እንዲህ ነው። የካሜራውን ፎቶግራፎች አስመጣለሁ። እርስዎ ደግሞ የሚያውቅዎት የተከበረ ሰው ይዘው ይምጡና ይመስክርልዎት። ያለዚያ ማመልከቻዎ ውድቅ ነው።”

በከተማችን የተከበረ ሰው ማለት ማን እንደሆነ ለመናገር ጉባኤ አያስፈልግም ነበር። እኛ ግን የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጥን። ሰብሳቢዋም እትዬ ካሎላይን ነበሩ።

“ልጆቼ” አሉ ተነሥተው፣ “ፍጥነት የሰይጣን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ይህ ልጅ ግን ወጣትነቱን በጥድፊያ አበላሸው።”

“እትዬ፣ እሱ እኮ መሪ ከጨበጠ ቆየ” አለች ሴላ ቀስ ብላ።

“ታዲያ ይሄ ሁሉ ቅጣት ከየት መጣ?”

ሁላችንም ጣራውን አየን። ጣራው ላይ ምንም አልነበረም።

“በሉ፣ እኔው ሄጄ እመሰክርለታለሁ” አሉ።

በቀጠሮው ቀን ኢኖኬ በብስክሌቱ በጠዋት ወጣ። እኔን እትዬ ካሎላይን በቫኑ አደረሱኝ። ድልድዩ ላይ ካሜራው ብልጭ ሲል ባርኔጣቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉለት። እኔ ወንበሬን ጨብጬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ።

ወይዘሪት ብሪጂት ፊት ሲቀመጡ ሜዳሊያቸውን አድርገዋል።

“ይህ ልጅ ወርቅ ነው” ብለው ጀመሩ። “መንዳቱ ላይ ትንሽ ችኩል ነው፤ እሱን ደግሞ ከእኔ ይማራል። እኔ በዕድሜዬ አንድም የቅጣት ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም። ይኸው ዕለት ዕለት በዚያ ድልድይ እመላለሳለሁ።”

“በምን መኪና?”

“በነጩ ቫን ነዋ፣ በኢኖኬ።”

ወይዘሪት ብሪጂት አንዱን ፎቶግራፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አዞረችላቸው። አበባ ያለው ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ ሴት አፋቸውን ከፍተው እየዘመሩ መሪ ይዘዋል።

“ይህቺን ሴት ያውቋታል?”

“ውይ፣ ባርኔጣዬ እንዴት አምሮብኛል!” አሉ እትዬ ካሎላይን። “አንድ ቅጂ ትሰጪኛለሽ?”

ሁለተኛውን አወጣች፣ ሦስተኛውን አወጣች። በሁሉም ባርኔጣው አምሯል። እትዬ ካሎላይን አንድ በአንድ አዩዋቸው። ቀና ሲሉ ዐይናቸው ኢኖኬ ጭን ላይ ካለው የብስክሌት ቆብ ላይ አረፈ።

“አንተ ልጅ፣ ብስክሌት የጀመርከው በዚህ ምክንያት ነው?”

“ስፖርት ጥሩ ነው ብለውኝ እኮ ነው፣ አክስቴ።”

እኝህ ሴት ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁ። እሳቸው ግን ሲያፍሩም አለቃ ናቸው።

“ስሚኝ ወይዘሪት፣ ሁሉም የኔ ናቸው። ከሱ ስም አውርጂና እኔ ላይ ጻፊ።”

“መንጃ ፈቃድዎ ይታገዳል።”

“ይታገድ።” ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ዜግነቴንስ ትወስዱብኛላችሁ?”

“ኧረ በጭራሽ። እርስዎ አንዴ ዜጋ ሆነዋል፤ ከዚያ በኋላ አይጠየቅም።”

“ምኑ?”

“መልካም ጠባዩ።”

የዚህን ሕግ ጥልቀት ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምግባር ከደጅ ላለው፣ ዕረፍት ለገባው።

የኢኖኬ ስም ጠራ፣ መንጃ ፈቃዱ ተመለሰ፣ ማመልከቻው ተፈቀደ። የቀረው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ቃለ መሐላ መፈጸም ብቻ ነው። “እስኪምሉ ድረስ ግን አደራ፣ አንዲት ጥፋት እንዳትገኝብዎት” ብላዋለች ወይዘሪት ብሪጂት።

በዕለቱ ኢኖኬ ራሱ ነዳ። እትዬ ካሎላይን ከጎኑ፣ እኔና ሴላ ከነልጆቹ ከኋላ ሆንን። ቫኑ እንዲህ ያለ ጉዞ አይቶ አያውቅም። አንዲት ሴትዮ በብስክሌት አለፈችን፣ ዞር ብላም አዘነችልን።

“ፍጠን እንጂ፣ ሰዓቱ ደረሰ! ችግኙን ማን ሊያድል ነው?” አሉ እትዬ ካሎላይን።

“አይሆንም፣ አክስቴ።”

ኢኖኬ ለአባቱ እህት አይሆንም ሲል ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። እጄ ሳላዘው ወደ ጥርሴ ሄደ። እትዬ ካሎላይን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

አርፍደን ደረስን። ሴላ እንባዋ መጥቷል። አዳራሹ ውስጥ ግን ምንም አልተጀመረም፤ መሐላውን የሚያስፈጽሙት ከንቲባ አልመጡም ነበር። ቆይተው ላብ አጥምቋቸው ገቡ። ለካ ሲከንፉ ፖሊስ ከድልድዩ ማዶ አስቁሟቸው ኖሯል። መድረክ ላይ ወጥተውም ሕግ ማክበር ለአንድ ዜጋ ምን ያህል ክቡር ግዴታ እንደሆነ ድንቅ ንግግር አደረጉ። ገና ያልታጠፈው የቅጣት ወረቀት ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሎ አብሯቸው ያዳምጥ ነበር።

ኢኖኬ የአገሩን ሕግ ሊጠብቅ ማለ። ሎሴ ሮጣ እግሩን ያዘች።

“አባዬ፣ አሁን በእኛ መስመር ነህ?”

“በእናንተ መስመር ነኝ።”

እትዬ ካሎላይን ችግኙን ሰጥተው ሁለት ጉንጩን ሳሙት፤ አልቅሰዋል፣ አላለቀስኩም ቢሉ አትመኗቸው።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተነሣን። አሳማው ከጉድጓድ ምድጃው ወጥቶ ይጠብቀናል። ኢኖኬ ችግኙን እንደታቀፈ ሰው በዝግታ ድልድዩን ጀመረ። ከኋላችን የከተማው ዜጋ ሁሉ ተሰልፎ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ከንቲባውም ከመሃል አሉ። እትዬ ካሎላይን ቻሉ፣ ቻሉ፣ ከድልድዩ እኩሌታ ሲደርሱ አልቻሉም።

“ኢኖኬ።”

“አቤት አክስቴ።”

“አሁን ዜጋ ሆነሃል አይደል?”

“ሆኛለሁ።”

“በል እንግዲያው እንደ ዜጋ ንዳ።”