የአባባ አንጁሎ ጸሎት ወደ አዲሱ ዲስክ ሲዛወር

ኮምፒውተር ከሚጠይቃችሁ ጥያቄ ሁሉ «እርግጠኛ ነህ?» የሚለውን ያህል የሚያስጨንቅ የለም። እኔ ሳገባ ፓስተሩ የጠየቀኝ አንዴ ብቻ ነው። ዲስክ ልትቀይሩ ስትነሱ ግን ይህ ሳጥን «አዎ» ስትሉት እንደገና ይጠይቃል፤ አሁንም «አዎ» ስትሉት በቀይ ጽሑፍ ይጠይቃል። እኛ የማናውቀውን የሚያውቅ ይመስላል።

የኛ ቤት ኮምፒውተር ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሀርድ ዲስኩ ሊሞት ነው። ውስጡ ደግሞ ወደ ጌታ የሄዱት አማቴ፣ አባባ አንጁሎ፣ ጉኑኖ ባለው ጓሯቸው ተቀምጠው ሲጸልዩ ባለቤቴ ምህረት የቀዳችው ድምፅ አለ። ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ ከሶዶ መርካቶ አዲስ ዲስክ ገዝቼ፣ የሳጥኑን ጎን ፈትቼ፣ ገመዱን ሰክቼ፣ የመገልበጫውን ፕሮግራም ከፈትኩ።

የምህረት እናት እማማ ቦጋለች ለዓይናቸው ሕክምና ኦቶና ሆስፒታል መጥተው እኛ ጋ አርፈዋል። ከቀብሩ ወዲህ ያንን ድምፅ ሰምተው አያውቁም። «አልችልም» ነው የሚሉት። የዚያን ቀን ግን ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይቺ ሳጥን ታማለች?» አሉኝ።

«ልቧ ደክሞ ነው እማማ። አዲስ ልናስገባላት ነው።»

«የእሱ ድምፅስ? ሲሄድ ይሰማል?»

«አይሰማም እማማ» አልኳቸው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሳጥን ተስሏል፤ አንዱ በሰማያዊ የተሞላ፣ አንዱ ባዶ፣ በመሃል ቀስት። ልጫን ስል እጄ ቆመ። ቀስቱ የሚያመለክተው ከባዶው ወደ ሙሉው ነው! ብጫነው ኖሮ ባዶነት ተገልብጦ አባባን ይውጣቸው ነበር። አዟዟርኩት። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ምህረትን ጠርቼ አብረን አየነው፤ ከዚያ በኋላ ነው «አዎ» ያልኩት።

አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ተጓዘ። ሲያልቅ አሮጌውን ነቅዬ፣ በአዲሱ ብቻ አስነሳሁት። መድረሱን ለማረጋገጥ መስማት ግድ ነው። ምህረት እናቷን አየቻቸው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ክፈት።»

አባባ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው፣ በወላይትኛ፣ ስለ ልጆች አመሰገኑ፤ ስለ ዝናብ አመሰገኑ። የእማማ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድንገት፣ ምስጋናው መሃል፣ «ቦጋለች! ፍየሏ ጎመኑ ውስጥ ገባች!» ብለው ጮኹና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ጌታ ተመለሱ።

እማማ አፋቸውን ያዙ። ያለቅሳሉ ስንል ሳቅ ፈነዳባቸው። «ዓይኑን ገልጦ ነው እንዴ የሚጸልየው? ዕድሜ ልኬን እኔን ‹ጨፍኚ› እያለ!» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሦስቴ አስደገሙኝ።

ለእራት ስንቀርብ ማዕዱን እንዲባርኩ ጠየቅናቸው። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እኔ፣ መቼም ሰው ነኝና፣ አንድ ዓይኔን ትንሽ ገለጥ አደረግኩ።

እማማ እያዩኝ ነበር።