ሆስፒታሉንና ጤና መድኑን ለማስታረቅ

ሰው ሲጣላ ያስታውቃል። ሰላምታ ይነሳል፣ መንገድ ይለውጣል፣ ሰርግ ቤት ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። መሥሪያ ቤት ሲጣላ ግን በምን ታውቃላችሁ? ማስታወቂያው እንደተለጠፈ ነው፤ ዘበኛውም እንደወትሮው ይፈትሻችኋል። ወሬውን የምትሰሙት ታማችሁ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ስትደርሱ ነው።

እትዬ ዘይነብም የሰሙት እዚያ ነው። ካደግኩባት ከግራና ከተማ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለሕክምና ወልድያ ሲመጡ የሚያርፉት እኔ ቤት ነው። የሐሞት ጠጠር ሲያሠቃያቸው ከርሞ የቀዶ ሕክምናው ቀን ደረሰና አብረን ሄድን። የጤና መድን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ፌስታሉን እንኳ ሳትፈታ መለሰችላቸው። ሆስፒታሉና ጤና መድኑ በዋጋ ስላልተስማሙ ውላቸው አልታደሰም፤ እስኪታደስ ወይ ከኪስ መክፈል ነው ወይ መጠበቅ። እንዳይከፍሉ የላቸውም፤ እንዳይጠብቁ ሐኪሙ ከዚህ በላይ መቆየት አደጋ አለው ብሏቸዋል። እንዴት ነው ነገሩ ሲሉኝ፣ ሁለቱ አልተስማሙም ብዬ ነገርኳቸው።

በእኛ ወረዳ በሀብሩ ሁለት ወገን አልተስማማም ሲባል ሰምቶ ዝም የሚል ሽማግሌ የለም። እትዬ ዘይነብ ግራና ተመልሰው ለቅሬው ዳኛ ለሼህ ይመር ነገሯቸው። ቅሬ፣ ለማታውቁት፣ እስላም ክርስቲያን ሳንል የምንቀባበርበት የወሎ ማኅበር ነው። ሼህ ይመር ደግሞ የደም ዕርቅ ሳይቀር የጨረሱ ሰው ናቸው። እትዬ ዘይነብንና ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በማለዳ ሚኒባስ ወልድያ ከች አሉ፤ ሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጡና ባለጠቦቹን ጠርቼ እንዳመጣ አዘዙኝ። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ለሁለቱም ኃላፊዎች ደወልኩ።

መጡ! የወሎ ልጅ ሽማግሌ ጠርቶት እንዴት ይቀራል? የሆስፒታሉ ኃላፊና የመድኑ ኃላፊ ከአንድ ባጃጅ ወረዱ፤ ምሳ አብረው እየበሉ ነበር። ዱዓ ተደረገ። ሼህ ይመር ማን ማንን እንደበደለ በየተራ ጠየቁ። የሆስፒታሉ ሰው ቅሬታ የለኝም፣ እንዲያውም የልጄ የክርስትና አባት ነው አለ። የመድኑም ሰው ቂም እንደሌለው ማለ። ዋጋውን የሚወስኑት የበላይ አካላት ናቸው፤ ሁለቱ ግን እርስ በርስ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ሼህ ይመር መቁጠሪያቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

«ልጆቼ፣ ደም የተቃባ አስታርቄ አውቃለሁ። እናንተ ሳትጣሉ ነው ይችን ሴትዮ የምትጎዷት። እኔ በየት በኩል ልግባ?»

ሁለቱም ኃላፊዎች ጉልበታቸውን ስመው ተያይዘው ወደ ቢሮ ገቡ። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ምነው ተጣልተው በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ቅሬው ተሰበሰበ። በቁም ላለ ሰው የቀብር ገንዘብ ከቅሬ ሣጥን ወጥቶ ያውቃል ወይ ተብሎ ብዙ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ ሼህ ይመር ፈረዱና ወጣ። በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያችው መስኮት ተከፍሎ እትዬ ዘይነብ ታከሙ። ውሉ ዛሬም «በውይይት ላይ ነው» ይባላል።

ድነው ግራና ሲገቡ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሼህ ይመር ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። አልሐምዱሊላህ ብለው፣ መርቀው ሲያበቁ፣ ለመነሳት ምርኩዛቸውን እያነሱ ወደ እትዬ ዘይነብ ዞር አሉ።

«ዘይነብ፣ እንግዲህ አደራሽን ቶሎ እንዳትሞቺብን። የታከምሽው በከፈንሽ ነው።»