የመብረቅ ኮምፒውተር የአሥራ አንድ ሳምንት ክብር

በዓለም ላይ ብዙ ኮምፒውተሮች ተሠርተዋል። አንዳንዶቹ ያሰላሉ፣ አንዳንዶቹ ይጽፋሉ፣ አንዳንዶቹም ልጆችን ከቤት ሥራ ያሳርፋሉ። ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ የቆመለት ኮምፒውተር ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኛ ነው። ስሙ መብረቅ ይባላል። በ1983 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ በዌልስ ሸለቆዎች መሀል ባለች አንዲት ከተማ ተወልዶ ለአሥራ አንድ ሳምንት ገበያ ላይ ዋለ። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ እናቴ እዚያው ነው ገበያ የምትወጣው።

መብረቅ ከመወለዱ በፊት ፋብሪካችን የሕፃናት ጋሪ ነበር የሚሠራው። ጋሪው ጥሩ ነበር፤ እኔም በሱ ተገፍቼ ነው ያደግሁት። ጥፋቱም ጥሩነቱ ላይ ነው፤ አንዱ ጋሪ ሦስት ትውልድ ስለሚያሳድግ ሁለተኛ የሚገዛ ጠፋ። ዳይሬክተራችን ሚስተር ሄድሊ ፕሮበርት ይህን ችግር በጥልቀት ሲያጤኑ ከርመው ለንደን ሄዱ፤ ሁለት ቀን ቆዩ፤ መጪውን ዘመን በዓይናቸው አይተው በሦስተኛው ቀን በባቡር ተመለሱ። ሠራተኛውን ሰብስበው የጋሪ ሣጥን ላይ ወጡና እንዲህ አሉ፦

«ክቡራትና ክቡራን፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ተቋም ሕፃናትን ከመግፋት የሰውን ልጅ አእምሮ ወደፊት ወደ መግፋት ተሸጋግሯል።»

አርባ ሴቶች አጨበጨቡ። ያጨበጨቡት ገብቷቸው አይደለም፤ ሣጥኑ አሮጌ ስለነበር ቶሎ ይውረዱልን ብለው ነው።

ነገሩ ግን ለቤታችን ቀልድ አልነበረም። ይሠራበት የነበረው የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ከተዘጋ ወዲህ አባቴ ጓሮ ቁጭ ብሎ ለርግቦቹ ስም ሲያወጣ ነው የሚውለው። የምንበላው በእናቴ በኔስታ ደመወዝ ነው፤ እሷ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ ናት። መብረቅ እስከ ገና ካልተሸጠ ፋብሪካው እንደሚዘጋ ደግሞ ሚስተር ፕሮበርት ለሠራተኛው በጽሑፍ አሳውቀዋል። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊያቸው ነበርኩ።

ሥራውን ስጠይቅ «ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?» አሉኝ። እኔና ትምህርት ቤት አሥራ ስድስት በሞላኝ ማግስት በስምምነት መለያየታችንን ነገርኳቸው።

«ግድ የለም» አሉ፤ «የምትጽፊው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ኮምፒውተሩ ሳይሠራ ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ትእዛዙ እንደ ክረምት ዝናብ ወረደብን። የእኔ ሥራ የሚከተለውን መላክ ነበር፦ «ጥያቄዎ ከፍተኛ ትኩረት ተሰጥቶት በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ይገኛል። እባክዎን ሃያ ስምንት ቀን በትዕግሥት ይጠብቁ። ከአክብሮት ጋር።» ከሥሩ የሚስተር ፕሮበርት ፊርማ አስቀድሞ ታትሞበታል፤ እኔ ስም ብቻ ነው የምሞላው። ሃያ ስምንቱ ቀን ሲያልቅ ያንኑ ደብዳቤ ደግሜ እልካለሁ። ሕዝባችን ወረፋ ካየ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚሰለፍ ስለሆነ የተቆጣ አልነበረም። አንድ የስዋንሲ መምህር ስላስቸገሩን አምስት መስመር ሙሉ ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ይደርስ እንደሆነ ብቻ ለማወቅ ፈለጉ። መልስ ላክሁላቸው። ያንኑ።

ኮምፒውተሩን በስምንት ወር የሠራው ኤምሪስ ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን የአባቱ ስም አይደለም፤ ቴሌቪዥን ስለሚጠግን ነው፤ ከላይኛው መንገድ ኤምሪስ ሥጋ ቤት ስላለ መለየት ነበረብን። መብረቅ የተረፈ የጋሪ ቀለም ተቀብቶ ሰማያዊ ሆነ፤ ቁልፎቹ ከጋሪ ጎማ ተቆረጡ። በግ አጥር የሚዘልበት ጨዋታም ነበረው። ጨዋታው የሚጫነው ከካሴት ነው፤ ካሴቱ ቴፕ ላይ ሆኖ ይንጫጫል፣ መብረቅም ጫጫታውን እያዳመጠ ይገባዋል። ለመግባባት አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። የስም አውጪው ኮሚቴ ይህን ቁጥር ሳያይ ነው የተበተነው።

ሁሉም ነገር ሲያልቅ ካሴት እንዳልተገዛ ታወቀ። በጸሎት ቤቱ ምድር ቤት ግን አምስት ሺህ ካሴት ተደርድሮ ነበር። የከተማችን የወንዶች መዘምራን የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ለማሳደስ ብለው የቀዱት ነው፤ አልተሸጠም። ምክንያቱም ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ወይ መዘምር ነው፣ ወይ መዘምር አግብቷል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ በነፃ የሚሰማውን ማን ይገዛል?

ሚስተር ፕሮበርት ብቻ መዘምር አይደሉም። ሦስት ጊዜ ተፈትነው ሦስት ጊዜ ወድቀዋል። የመዘምራኑ መሪ ኢድወል ጨዋ ሰው ስለሆኑ «ድምፅዎ ለዳይሬክተርነት የተፈጠረ ነው» ብለው ነው የመለሷቸው። ስለዚህ በዚያ መዝሙር ላይ ሌላ ነገር መቅዳት ለሚስተር ፕሮበርት ቁጠባ ብቻ እንዳልነበረ እገምታለሁ። ካሴቶቹን በሙሉ ገዝተው አመጡ።

ኤምሪስ አንዱን ሞክሮ ቢሯቸው ገባ። «መቅጃችን አሮጌ ነው ሚስተር ፕሮበርት፤ የድሮውን ድምፅ ጥርት አድርጎ አያጠፋም። መዘምራኑ ከሥር ይቀራሉ።»

«ይቅሩ። ማን ይሰማቸዋል?»

«ኮምፒውተሩ።»

ሚስተር ፕሮበርት ኮምፒውተር ጆሮ እንደሌለው በትዕግሥት አስረዱት፤ ስብሰባውም ፍሬያማ ሆኖ ተጠናቀቀ።

የምረቃው ቀን መቶ ሃያ እንግዳ ተጠራ። የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር የማዕረግ ሰንሰለታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ፊት ወንበር ተቀመጡ። ሚስተር ፕሮበርት ስለ መጪው ዘመን አርባ ደቂቃ ተናግረው ቁልፉን ተጫኑ። ካሴቱ መንጫጫት ጀመረ። መቶ ሃያ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጫጫታ አዳመጠ፤ አንድም የሳለ የለም። በመጨረሻም ስክሪኑ ላይ በትልቁ «ስህተት» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ከዚያ ጫጫታው አለቀና፣ ካሴቱ ግን መዞሩን ስላላቆመ፣ ስልሳ ወንዶች በአንድ ድምፅ መዘመር ጀመሩ።

ሊቀ መንበሩ ተነሡ። ባርኔጣ ሁሉ ወለቀ። ኋላ ወንበር የነበሩት ወፍራሙን ድምፅ ያዙ፤ ኢድወል ከተቀመጡበት በእጃቸው መምራት ጀመሩ። በርግቦቹ ሞት እንኳ የማያለቅሰው አባቴ አፍንጫውን ጠረገ። ሲያበቃ ሊቀ መንበሩ ስክሪኑን እንደገና አነበቡና የሚስተር ፕሮበርትን እጅ ጨበጡ።

«ስህተቱን በራሱ የሚያምን ሠራተኛ» አሉ፤ «በምክር ቤታችን አንድም የለንም።»

ሽያጩ በደመቀ ሁኔታ ተጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ መመለሱ ከዚያ በበለጠ ድምቀት ተጀመረ። ፖስተኛው መብረቅ በጋሪ እየጫነ ያመጣል፤ ጋሪው የእኛ ሥራ ነው። ደብዳቤዎቹን የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ኮምፒውተሩ ይመለሳል እንጂ ካሴቱ አይመለስም። አንዲት ሴትዮ «ልጄ በጉን አንዴም ሲዘል አላየውም፤ ባለቤቴ ግን ማታ ማታ ካሴቱን ካልሰማ አይተኛም፤ እባካችሁ እሱን አታስመልሱን» ብለው ጻፉ። የስዋንሲው መምህር እንኳ ይቅርታ ጠይቀው ሁለተኛ ካሴት አዘዙ። በስድስተኛው ሳምንት ካርዲፍ ያለ አንድ ትልቅ ሙዚቃ ቤት ሦስት ሺህ ካሴት ፈለገ፤ ያለ ኮምፒውተሩ፣ ከተቻለም ያለ ጫጫታው።

ደብዳቤውን ለእናቴ አሳየኋት። ሽርጧን ሳትፈታ ቢሮ ገባች፤ እኔም ማስታወሻ ልይዝ ተከተልኳት።

«ሚስተር ፕሮበርት፣ ካሴት እንሽጥ።»

«ወይዘሮ ኔስታ፣ ይህ የኮምፒውተር ተቋም ነው። መዝሙር እየቸረቸርን ታሪክ ፊት እንዴት እንቆማለን?»

«ሥራችን ላይ ሆነን ነዋ። አርባ ሴት አለ። ገና ደርሷል።»

«ችግሩ ካሴቱ ነው» አሉ ሚስተር ፕሮበርት። «ስለዚህ ካሴቱ ይጸዳል።»

አቅጣጫ ተቀመጠ። ኤምሪስ ከተዘጋው የከሰል ጉድጓድ ትልቅ ማግኔት አስመጣ፤ የቀሩት ካሴቶች አንድ በአንድ በላዩ አለፉ፤ ከመዘምራኑ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቀረም። በጥቂቶቹ ላይ ጨዋታው ተቀዳ። መብረቅ አሥራ አንድ ደቂቃ አዳመጠ፤ በጉ ብቅ አለ፤ አጥሩን ዘለለ። ኮምፒውተራችን ያለ አንዳች እንከን ሠራ። በዚያው ሳምንት የተሸጠው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም የገዙት የሚስተር ፕሮበርት እናት ናቸው።

ገና አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሚስተር ፕሮበርት ያንኑ ሣጥን ወጡ። «መብረቅ አልወደቀም» አሉ፤ «ያልተነሣው ገበያው ነው።» ፋብሪካው ተዘጋ። ሣጥኑም ያን ቀን ተሰበረ።

የመጨረሻው ትእዛዛቸው ንብረት ስለማስወገድ ነበር። የተመለሱት መብረቆች ይሞቁ ስለነበር አባቴ ለርግቦቹ ስድስት ወሰደ። ስለ ካሴቶቹ «በአስቸኳይ ከግቢ ይወገዱ» የሚለውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የት እንደሚወገዱ ግን ደብዳቤው አይልም። እናቴና የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ወደ መጡበት ወደ ጸሎት ቤቱ ምድር ቤት አስወገዷቸው።

«ኤምሪስ፣ እነዚህ ላይ መልሰህ መቅዳት ትችላለህ?» አለችው እናቴ።

ኤምሪስ አንዱን ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። «እንዲህ የጸዳ ካሴት ለንደንም አይገኝም። አምስት ሺህ ፓውንድ አውጥተን ብናስጸዳው እንኳ እንዲህ አይሆንም ነበር።»



ማክሰኞ መዘምራኑ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ዘመሩ፤ ኤምሪስም ቀዳ። የካርዲፉ ሙዚቃ ቤት ከገና ሁለት ወር በኋላ ለሚውለው የዌልሶች የቅዱስ ዳዊት በዓል ቢደርስለትም እንደሚበቃው ጻፈ። በጥር መጨረሻ ከአርባዎቹ ሴቶች ሠላሳ አንዱ ምድር ቤት ውስጥ ካሴት ያሽጉ ነበር። ቦታው ጠባብ ነው፤ ግን ሣጥን ላይ ወጥቶ የሚናገር የለም፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው።

አንድ ጠዋት ሚስተር ፕሮበርት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ደረጃውን ወረዱ። ሥራ ፈልገው ነው። እናቴ ፈገግታዋን ወደ ሣጥኖቹ አዙራ፣ ጉዳዩ የደብዳቤ ክፍልን እንደሚመለከት ገለጸችላቸው። የደብዳቤ ክፍል እኔ ነኝ።

«ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል?» አልኳቸው።

ዩኒቨርሲቲ መጨረሳቸውን ዝግ ባለ ድምፅ ነገሩኝ።

«ግድ የለም» አልኩና ከመሳቢያዬ ከተረፉት ደብዳቤዎች አንዱን አውጥቼ ስማቸውን ሞላሁበት። ጥያቄያቸው ከፍተኛ ትኩረት ተሰጥቶት በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እንደሚገኝ አነበቡ። ሃያ ስምንት ቀን የሚለውን አነበቡ። ከሥር የታተመውን የራሳቸውን ፊርማ ትንሽ አዩት። ከዚያ አመስግነውኝ፣ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ወጡ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ደብዳቤውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ወረፋ ባይኖርም ከግድግዳው ጥግ ተሰልፈው። እናቴ ሽርጥ አቀበለቻቸው፤ አሁን ካሴት ያሽጋሉ፤ ጎበዝ ናቸው። በዚያ ፊርማ ወደ ሁለት ሺህ ደብዳቤ ልኬአለሁ። በተባለው ቀን የተፈጸመው የእሳቸው ብቻ ነው።