ውርጭ የመታው ቡድን

ሽንፈት የቀመሰ ሰው ሁሉ «ይኼኛው አይቆጠርም» ማለት ይወዳል። በልጅነታችን የጨርቅ ኳስ ስንጫወት፣ ጎል ሲበዛበት ኳሷን ታቅፎ «እንደ አዲስ ይጀመር» የሚል አንድ ልጅ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ የከተማችን የሞላሌ የከብት ሐኪም ነው፤ ደረጀ ይባላል፤ ወዳጄ ነው። አመሉም አብሮት አድጓል።

በስልክ፣ በኢንተርኔት፣ የእግር ኳስ ቡድን የሚያስተዳድሩበት ጨዋታ አለ። ተጫዋች ትገዛላችሁ፣ ታሰለጥናላችሁ፣ ታሰልፋላችሁ። ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት በሚደራጅበት በዚህ ዘመን፣ እኛ የሞላሌ መምህራንና ሠራተኞች ማንም ሳይቀሰቅሰን ተደራጅተን ሊግ አቋቋምን። የእኔ ቡድን «ቀይ ቀበሮ»፣ የደረጀ ደግሞ «ጭላዳ» ነው። እኔ በዕድሜዬ አንደኛ ወጥቼ አላውቅም፤ ተማሪ ሳለሁ አሥረኛ ስወጣ እናቴ ጠላ ጠምቃለች። ታዲያ ለስልጠና ደብረ ብርሃን በሄድኩበት ሳምንት ቀይ ቀበሮ ጭላዳን ደጋግሞ ረትቶ መሪ ሆነ። ወደ ሞላሌ ስመለስ አረማመዴ ሳይቀር ተለውጦ ነበር።

ደረጀ ግን «ቡድኔን አፍርሼ እንደ አዲስ ልጀምር» አለ። ጨዋታው ይፈቅዳል፤ ችግሩ፣ ቡድኑ ሲፈርስ እሱን ረትቼ ያገኘሁት ነጥብም አብሮ ይሰረዛል። በሕይወቴ አንዴ የቀረበኝ ዋንጫ ጉም ሊሆንብኝ! ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፣ ሰላምታ ተነፋፈግን። የዚህ መጨረሻው በእኛ አገር ይታወቃል፤ ሽማግሌ ፊት መቅረብ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የድንበርና የትዳር ጠብ ሲያበርዱ የኖሩት አባባ ንጋቱ ዘንድ ሄድን። የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው፣ ከድንጋይ አጥራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ሰሙን። መጀመሪያ ያሳሰባቸው የሚበተኑት ተጫዋቾች የት እንደሚገቡ ነበር። ሰዎች አይደሉም፣ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው ያሉት ብንላቸው፣ ታዲያ በሌለ ሰው ምን አጣላችሁ አሉን።

ከዚያ ፈረዱ። «ገብሱን ያጠፋው ስንፍና ከሆነ፣ ያገኘውን ይጨድ። ውርጭ መቶት ከሆነ ግን ገልብጦ ይዝራ። ውርጭ የእግዜር ነው።»

ደስ አለኝ። የደረጀን ስንፍና እንደ እኔ የሚያውቅ ማን አለ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏችኋል ይኼ ነው። ደረጀ አንገቱን ደፍቶ፣ በዚያ ሳምንት ሞላሌ ኔትወርክ ጠፍቶ ቡድኑን ማሰለፍ እንዳልቻለ፣ እኔ ግን ኔትወርክ በሞላበት ከተማ እንደነበርኩ አስረዳ። አባባ ወደ እኔ ዞረው እውነት ነው ወይ አሉኝ። ሽማግሌ ፊት ይዋሻል እንዴ? እውነት ነው አልኩ።

«እንግዲያው ውርጭ ነው» አሉ። ልነሳ ስል ቁጭ በል አሉኝ። «ውርጭ ያለፈው፣ ለተመታው ጎረቤቱ ዘር ይሰጣል። የአገሩ ወግ እንዲህ ነው። ከዘርህ ምርጡን ስጠው።»

ምርጡ ዘሬ አጥቂዬ ነበር። እዚያው አጥር ሥር፣ ኔትወርኩም እንደ ጉድ እየሠራ፣ ለደረጀ አዛወርኩለት። ልቤ ተቃጠለ። ደረጀ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ሳመኝ፣ ቤቱ ወስዶም አበላኝ፤ ለካ እኔም ናፍቆኝ ኖሯል።

በቀጣዩ ውድድር ጭላዳ በገዛ አጥቂዬ አራት አገባብኝ። አሁን የሊጉ ጭራ ነኝ። እንደ አዲስ መጀመር ይፈቀድ ወይ ብትሉኝ፣ መሪ ሳለሁ ነውር ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ምሕረት ይመስለኛል። ሞላሌ ኔትወርክ ሲጠፋም ሰው ሁሉ ያማርራል። እኔ ግን ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ ሰማይ አያለሁ፤ ተመስገን፣ ውርጭ ወረደ።