የሸዋ በሩ የባቡር ሊቅ

ይህን መጀመሪያ የነገረችኝ ገላነሽ ናት፤ ጀጎል ግንብ ሥር ልብስ የምትሰፋው። ሳትነግረኝም ግማሹን አውቀው ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ባልረግጥም፣ ሰው ሲቀጥፍ ገና ከአነጋገሩ አውቀዋለሁ።

አዲስ አበባ አንዴ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አስር ዓመት የኖረባት ዝም ይላል፤ አስር ቀን ያደረባት ነው የሚያስተምረን። የኛ መምህር ክቡር ጋሽ ዘከሪያ ናቸው። ሸዋ በር፣ ሚኒባሶቹ ከሚሞሉበት ጎን ጃንጥላ ይጠግናሉ። ከስምንት ዓመት በፊት ወንድማቸውን ዓብዱላሂን ሊያስታምሙ ሄደው አስራ አንድ ቀን ቆዩ። ወንድምየው፣ አላህ ይርሐመው፣ እዚያው ቀረ። እሳቸው የቀላል ባቡር ሊቅ ሆነው መጡ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዝናብ ብታወራ ወሬው ጣቢያው ላይ ያርፋል፤ ስለ ቲማቲም ዋጋ ብታወራም እዚያው። የተጠራጠረ ካለ "የተሳፈረ ይናገር" ይሉታል። እኔ በልጅነቴ ከድሬዳዋ አይሻ ስንቴ በባቡር የተመላለስኩት፣ አንዴማ ከፍየል ጋር ቆሜ... ይቅር። እኔንም "የተሳፈረ ይናገር" ብለውኛል።

ገላነሽ ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ ቀጠሮ ተሰጣት፤ ያው ዓብዱላሂ የተኛበት ሆስፒታል። ጋሽ ዘከሪያ ይህን ሲሰሙ ሥራቸውን አስቀምጠው አስፋልቱ ዳር በጠመኔ መስመር አሰመሩ።

"ይሄ የጣቢያው ቢጫ መስመር ነው በይ። ከዚህ አታልፊም። በሩ ሲከፈት የሚወርደውን ታስቀድሚያለሽ።"

ቆሞ ከነበረ ሚኒባስ ሰባት ጊዜ አሳፍረው አወረዷት።

"ጋሽዬ፣ ሰው እየሳቀብኝ ነው።"

"ይሳቅ። መቼ ተሳፍሮ ያውቃል?" አሉና ዋናውን ነገር ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሯት። "መውረጃሽ ሲደርስ ወራጅ አለ በይ፤ ጮክ ብለሽ። አለዚያ ጥሎሽ ያልፋል።"

ገላነሽ ይህን ስታጫውተኝ፣ እዚህ ላይ ያዝኳቸው። ባቡር እንደ ሚኒባስ ወራጅ አለ ተብሎ ይቆማል እንዴ? ለተራ አስከባሪው ለሙክታር "ሰውዬው አልተሳፈሩም" አልኩት። "ተሳፍረዋል" አለ። በአንድ እስር ጫት ተወራረድን፤ መለያው ባቡሩ ወራጅ አለ ሲባል መቆም አለመቆሙ፣ ዳኛዋ ገላነሽ።

ገላነሽ ባቡሩ ውስጥ መውረጃዋ ሲቃረብ "ወራጅ አለ" አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ባቡሩ ቆመ፤ ከዚያ በፊትም ማንም ሳይጠራው በየጣቢያው ሲቆም ነበር የመጣው። በሐፍረት ፊቷ ጋለ። ስመለስ እነግራቸዋለሁ እያለች ሆስፒታል ገባች።

ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት ሥር፣ አግዳሚ ላይ ተራ ጠብቂ አሏት። ቁልቁል ስታይ ጣቢያው ከነአውራ ጎዳናው ተዘርግቷል። ቢጫው መስመር፣ የባቡሩ ጣሪያ፣ የሰዉ ጃንጥላ፣ ሁሉም ጋሽ ዘከሪያ እንዳሉት። ያን ብቻ ነበር ያሏት። የባቡሩ ወንበር ምን እንደሚመስል፣ ትኬት የት እንደሚቆረጥ አንድ ቀን ነግረዋት አያውቁም። አስራ አንድ ቀን ከወንድማቸው ራስጌ ሳይነሱ፣ ከላይ ሆነው ሰው ሲሄድ ሲመጣ እያዩ ነበር የከረሙት። በታመመው ዓይኗም በደህናውም አለቀሰች።

ስትመለስ መጀመሪያ እኔን አግኝታ ይህን ሁሉ አጫወተችኝ። እኔ የሰማሁት ማሸነፌን ብቻ ነበር። እየተጣደፍኩ ሸዋ በር ይዣት ሄድኩ።

ሙክታር ሰው ሰብስቦ ይጠብቃል። "እትዬ፣ ባቡሩ ወራጅ አለ ሲሉት ቆመ ወይስ አልቆመም?"

ጋሽ ዘከሪያ ቀና አላሉም። የጃንጥላ ሽቦ እያቃኑ ነበር፤ እጃቸው ቀጥ አለ። እዚያ አደባባይ ላይ ያላቸው ሀብት ያ ባቡር ብቻ ነው።

ገላነሽ አየቻቸው። "ቆመ" አለች።

እውነቷን ነው፣ ቆሟል። ሙክታር ወደኔ ዞረ። "እርስዎስ ጋሼ፣ ምን ይላሉ?"

የሰውዬውን እጅ አየሁና "ተረታሁ" አልኩት። ገበያው ውስጥ ገባሁ፤ ያሸነፍኩበትን አንድ እስር ጫት፣ ለውዝ ጨምሬ፣ ገዝቼ ለሙክታር ከፈልኩ።